ለእናቴ የሄድንበት የዳይቲሺያን አገልግሎትና በቆርቆሮ የሚሸጠው ዱቄት

ዕድሜው የገፋ ወላጅ ቤታችሁ ካለ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። የምገመግመው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው እዚሁ አዲስ አበባ አንድ የግል ሆስፒታል ውስጥ የሥነ ምግብ ባለሙያ (ዳይቲሺያን) የምትሰጠው ምክር ነው። ሁለተኛው ሁላችንም የምናውቀው፣ ፋርማሲ ላይኛው መደርደሪያ ላይ የሚደረደረው፣ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ በሻንጣ ይዞት የሚገባው “የተሟላ ምግብ” የሚባል ዱቄት ነው። ከወዲሁ ልንገራችሁ። ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለምርመራው ክፈሉ። ዱቄቱ ይቆይ።

እማዬ 78 ዓመቷ ነው። ክረምት ላይ ሳንባ ምች ይዟት ሆስፒታል ተኛች። ከሳንባው ዳነች፤ የምግብ ፍላጎቷ ግን አልተመለሰም። ሁለቴ ጎርሳ “በቃኝ” ትላለች። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ አልቆም አለ። የጋብቻ ቀለበቷ እንዳይወልቅ ክር ጠቀለለችበት። ጎረቤቶች “እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል” አሉን። ወንድሜ ከዱባይ እየደወለ “ዱቄቱን በሰው ልላክላት?” ይላል። ሁሉም ለእሷ አስቦ ነው። ግን ማንም የለካት ሰው አልነበረም።

ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ተኝታ የነበረችበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም። ነርሶቹ ደጎች ነበሩ። ሙቀቷም ግፊቷም በየቀኑ ይለካ ነበር። ሚዛን ላይ ግን አንድም ቀን አልወጣችም። ምሳዋ ሳይነካ ሲመለስ ሰሃኑን የሚያነሳው ሰው አይጽፈውም፣ ለሐኪሙም አይነግርም። የመውጫ ወረቀቷ ላይ “ክብደት” የሚለው ቦታ ባዶውን ነው። የአውሮፓ የክሊኒካል ኒውትሪሽንና ሜታቦሊዝም ማኅበር፣ በአጭሩ ኤስፔን፣ በፈረንጆቹ 2019 ለአረጋውያን ያወጣው መመሪያ ግን የሚለው ግልጽ ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ሁሉ፣ ሕመሙ ምንም ይሁን፣ ወፍራምም ይሁን ቀጭን፣ የምግብ እጥረት እንዳለበት በመጠይቅ መለየት አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው ሚዛንና ትንሽ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ አገልግሎቱ ልግባ። ክፍሉ ትንሽ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሚዛን፣ ጥቂት ወንበር። ባለሙያዋ ወጣት ናት። ገና ስንገባ ለእማዬ ወንበር ስባ “እማማ፣ እዚህ አረፍ ይበሉ” አለቻት። ከዚያ የጠየቀችውን ሁሉ የጠየቀችው እሷን ነው። እኔ ልመልስ ስል በእጇ ምልክት ሰጥታ አስቆመችኝ። በጣም ወደድኩላት። ብዙ ቦታ ሽማግሌው እዚያው ቁጭ ብሎ ስለ እሱ የሚወራው ከልጁ ጋር ነው።

“ጋቢውን ላውርድልዎት?”

“ይበርደኛል ልጄ።”

“ለአንዲት ደቂቃ ብቻ እናቴ።”

ጋቢውም ጫማውም ወለቀ። 46 ኪሎ። ደግነቱ እማዬ ለግፊት ክትትል ጤና ጣቢያ የምትመላለስበት ካርድ በቦርሳዬ ነበር። ከክረምቱ በፊት 52 ኪሎ ተብሎ ተጽፎበታል። ስድስት ኪሎ ጠፍቷል ማለት ነው። ለወጣት ሰው ስድስት ኪሎ ብዙ ላይመስል ይችላል። ከ52 ላይ ግን ከ11 በመቶ በላይ ነው። ዓለም አቀፍ የዘርፉ ማኅበራት በ2019 በተስማሙበት መለኪያ በስድስት ወር ውስጥ ከ5 በመቶ በላይ መቀነስ አንዱ የምግብ እጥረት ምልክት ነው። ከ10 በመቶ ካለፈ ከባድ ይባላል። እኛ “ትንሽ ከሳች” እያልን ነበር የምናወራው።

ቀጥሎ ቁመት ነው። የእማዬ ጀርባ ጎብጧል፤ ግድግዳ ተደግፋ ብትለካ የሚወጣው ቁጥር ትክክል አይሆንም። ባለሙያዋ ክንዷን ወደ ጎን አስዘረጋቻትና ሜትሩን ከአንገቷ ሥር ካለችው ጎድጓዳ ጀምራ እስከ መሀል ጣቷና የቀለበት ጣቷ መጋጠሚያ ድረስ ዘረጋችው። ከዚያ ርዝመት ቁመትን የሚያሰሉበት ቀመር አላቸው። 1 ሜትር ከ52 ወጣ። ከዚያ ቀሚሷን ከጉልበቷ በታች ሰብሰብ አድርጋ ባቷን ለካች። ሜትሩን ወደ ላይ ወደ ታች እያንሸራተተች የወፈረውን ቦታ ፈለገች። 28 ሴንቲ ሜትር። ከ31 በታች ከሆነ ጡንቻ እየሟሟ መሆኑን ይጠቁማል አለችኝ። ፊት እብጠት ሊኖረው ይችላል፣ ሆድም ሊያታልል ይችላል፣ ባት ግን እግሩ ካላበጠ ብዙም አይዋሽም።

የሞላችው መጠይቅ “ሚኒ ኒውትሪሽናል አሰስመንት” ይባላል። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳይ ውስጥ ቱሉዝ ላይ ለአረጋውያን ብለው ያዘጋጁት ነው። አጭሩ ቅጽ ስድስት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። ባለፉት ሦስት ወራት ምግብ ቀንሷል ወይ? ኪሎስ? ከቤት ትወጣለች ወይስ ከአልጋና ከወንበር አትርቅም? በነዚህ ወራት ከባድ ሕመም ወይም ጭንቀት ደርሶባታል? የመርሳት ወይም የድባቴ ችግር አለ? ስድስተኛው ኪሎ ከቁመት ጋር ያለው ምጣኔ ነው፤ እሱን ማግኘት ካልተቻለ የባት ልኬት ይተካዋል። ድምሩ ከ14 ነው። 12ና ከዚያ በላይ ያመጣ ደህና ነው። ከ8 እስከ 11 ያመጣ ስጋት አለበት። 7ና ከዚያ በታች ከሆነ ተጎድቷል። እማዬ 5 አመጣች።

ወረቀቱን ሳየው የገረመኝ ቅለቱ ነው። ደም አይቀዳም። ማሽን የለም። ማንኛውም ጤና ጣቢያ፣ ማንኛዋም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ልትሠራው ትችላለች። የሕጻናት ክንድ በሜትር ሲለካ አገሩ ሁሉ ያውቃል። የእናቶቻችን ባት ለምን እንደማይለካ እንጃ።

መጠይቁ ሲያልቅ ሥራው ተጀመረ እንጂ አላለቀም። “የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ያሳዩኝ” አለች። የእማዬን ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። የግፊት መድኃኒት አለ። ከዓመታት በፊት ታዞላት ያላቋረጠችው ኦሜፕራዞል አለ። ኦሜፕራዞል የጨጓራ አሲድ ስለሚቀንስ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12 ከምግብ ውስጥ በደንብ እንዳይመጠጥ ሊያደርግ ይችላል። ቢ12 ደግሞ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። የዓመቱን ግማሽ ያህል ለምትጾም ሴት ይህ ሁለት እጥፍ ጉዳት ነው። የደም ምርመራ አዘዘችላት፤ ዝቅ ብሎ ተገኘና መርፌ ተጀመረላት። መድኃኒቱን የመቀነሱን ጉዳይ ለሐኪሟ በደብዳቤ ጻፈችለት።

ጥርስም አየች። እማዬ የምታወልቀው ሰው ሠራሽ ጥርስ አላት። ከስታ ድዷም ስለሸሸ ጥርሱ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት ያቆስላታል። ለኛ ነግራን አታውቅም። “ሥጋ አልወድም” ስትል የከረመችው መጎረስ እያመማት ኖሯል።

ከሁሉም በላይ የገረመኝ ግን ፍሪጁ ላይ ስለለጠፍነው ወረቀት የተነሳው ጨዋታ ነው። ግፊት ሲጀምራት ከአንድ ቦታ የተሰጠን የ“አይብሉ” ዝርዝር ነው። ጨው የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ቀይ ሥጋ የለም፣ ሙሉ ወተት የለም። ለዓመታት እንደ ቃል ኪዳን ጠበቅነው። ባለሙያዋ ዝርዝሩን ሰምታ “እንግዲህ ምን ቀራቸው?” አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የቀረላት ሻይ በዳቦና ቀጭን ሽሮ ነበር። የኤስፔን መመሪያም ይህንኑ ይላል። ለአረጋዊ ሰው የምግብ መጠን የሚቀንስ ክልከላ ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ስለሚችል መቅረት አለበት። ከሐኪሙ ጋር በስልክ ተነጋግራ እንቁላል፣ ወተትና ለጋ ቅቤ ተመለሱ። ጨው በልኩ ሆነ። ሽሮው የሽሮ ጣዕም አገኘ። እማዬ በዚያ ሳምንት ወጥ አስጨምራ በላች።

ቁጥሮቹን ለሚወድ ሰው ልጻፋቸው። በመነሻነት የሚያዘው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 30 ኪሎ ካሎሪ ነው። ለእማዬ ወደ 1,380 ይሆናል። ፕሮቲን ለጤነኛ አረጋዊ ቢያንስ ለአንድ ኪሎ 1 ግራም ነው፤ ለታመመ ወይም ለተጎዳ ከ1.2 እስከ 1.5። ስለዚህ የእማዬ ግብ በቀን ከ55 እስከ 69 ግራም ሆነ። አንድ እንቁላል ወደ 6 ግራም አለው። አንድ ብርጭቆ ወተት ወደ 8 ግራም። ሠላሳ ግራም የሽምብራ ዱቄት ወደ 6 ግራም። ሻይ በዳቦ ስንት እንደሆነ ስታሰሉት ታዝናላችሁ። ሆድ ይሞላል፤ ጡንቻ ግን አይሠራም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ማድረጉ እውነት ለውጥ ያመጣል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ እኔም ጠይቄ አንብቤአለሁ። ስዊዘርላንድ ውስጥ በስምንት ሆስፒታሎች የተሠራና በ2019 የታተመ ኤፈርት የሚባል ትልቅ ጥናት አለ። የምግብ እጥረት ስጋት ያለባቸውን 2,088 ሕሙማን ለሁለት ከፈሉ። ለግማሾቹ ዳይቲሺያን እየተከታተለ የካሎሪና የፕሮቲን ግብ አወጣላቸው፤ ግቡን እንዲመቱ ምግባቸው እንደየሰዉ ተስተካከለ። ለሌሎቹ የተለመደው የሆስፒታል ምግብ ቀረበ። በ30 ቀን ውስጥ ከባድ ችግር የገጠማቸው ክትትል ካገኙት 23 በመቶ ሲሆኑ ከሌሎቹ 27 በመቶ ነበሩ። የሞቱት ደግሞ ክትትል ካገኙት 7 በመቶ፣ ከሌሎቹ 10 በመቶ ናቸው። ልዩነቱ በቁጥር ትንሽ ቢመስልም ያመጣው ምግብ ነው፤ አዲስ መድኃኒት አይደለም። ደግሞም የተፈተነው እንደየሰዉ የተለካው ዕቅድ እንጂ አንድ ዓይነት ቆርቆሮ አይደለም።

አሁን ቆርቆሮው። የምርቱን ስም አልጠራም። በየፋርማሲው ያሉት የተለመዱት ዓይነቶች አቀማመራቸው ተቀራራቢ ነው። ባለ 400 ግራሙን ነው የገዛነው። አንድ ብርጭቆ ለመሥራት ከ50 ግራም በላይ ይገባል። ስለዚህ አንድ ቆርቆሮ ሰባት ብርጭቆ ያህል ነው። ባለሙያዋ በቀን ሁለት ስላዘዘች አራት ቀን አይሞላም። ለወር ስምንት ዘጠኝ ቆርቆሮ ታስቡ። ወንድሜ በሻንጣ የሚልከው ሁለት ቆርቆሮ ሳምንት ነው የሚያቆየው። ብዙ ቤተሰብ ለማብቃቃት ሲል በቀን ሁለት ማንኪያ ሻይ ላይ ነስንሶ ይሰጣል። ያ ገንዘብ ማባከን ነው። ሁለት ማንኪያ ዱቄት ለማንም ጠብ አይልለትም።

ሌላው ፕሮቲኑ ነው። መመሪያው ለተጎዳ አረጋዊ የሚሰጥ ተጨማሪ መጠጥ በቀን ቢያንስ 400 ኪሎ ካሎሪና 30 ግራም ፕሮቲን ያስገኝ፣ ቢያንስ ለአንድ ወርም ይቀጥል ይላል። የኛ ቆርቆሮ ሁለት ብርጭቆው ካሎሪውን ያሟላል። ፕሮቲኑ ግን ወደ 17 ግራም ነው። ግማሹን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ሲገዙ የፊቱን ሥዕል ትታችሁ የኋላውን ሠንጠረዥ አንብቡ። በአሜሪካ 652 ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ የሆኑ የልብና የሳንባ ሕሙማን የተሳተፉበትና በ2016 የታተመ ኖሪሽ የሚባል ጥናት አለ፤ ሻጮች “ሞትን ይቀንሳል” ሲሉ የሚጠቅሱት እሱን ነው። እውነት ነው፣ በ90 ቀን ውስጥ የሞቱት የተጠናው መጠጥ ከተሰጣቸው 4.8 በመቶ፣ ከሌሎቹ 9.7 በመቶ ነበሩ። ነገር ግን ጥናቱ በዋናነት ሊያየው የተነሳው ሞትንና ዳግም ሆስፒታል መግባትን በአንድ ላይ ነበር፤ በዚያ ልዩነት አልተገኘም። ገንዘቡን የሰጠው አምራቹ ነው። የተሰጠው መጠጥም በአንድ ጊዜ 350 ኪሎ ካሎሪና 20 ግራም ፕሮቲን ያለው ልዩ ዓይነት ነው። የኛ መደርደሪያ ላይ ያለው ተራው ዱቄት ያ አይደለም።

ጣዕሙ? ጣፋጭ ነው፤ ቫኒላው ለእማዬ አፍ በጣም ጣፈጣት። ሙሉ ብርጭቆ አቅርቤላት ግማሹን ሳትጨርስ ተወችው። ይባስ ብሎ ምሳም አልበላም አለች። ባለሙያዋ ያመጣችው መላ ግን ለቤታችን የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። “ቡና ይፈላል አይደል? በሲኒ ይስጧቸው” አለች። አሁን እማዬ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ስትጠጣ ከእያንዳንዱ ጎን አንድ ሲኒ ዱቄቱ ይቀርብላታል። ሦስት ሲኒ አንድ ብርጭቆ ገደማ ነው። የቀረው ብርጭቆ ከመተኛቷ በፊት ይጠጣል። በብዙ አገር ሆስፒታሎችም መድኃኒት በሚሰጥበት ሰዓት ትንሽ ትንሽ የማጠጣት አሠራር አለ። ዋናው ነገር ከምግብ ራቅ ብሎ መሰጠቱ ነው፤ ምግቡን እንዲተካ አይደለም።

አዘገጃጀቱ ላይ የተማርኩት፦ ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም ለብ ያለ ይሁን። ትኩስ ከሆነ ይጓጉላል። ውሃውን አስቀድሙ፣ ዱቄቱን ቀስ እያላችሁ አማስሉ። የተበጠበጠው ተከድኖ ፍሪጅ ከገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠጣ። የተከፈተው ቆርቆሮ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይለቅ። አንድ ፋርማሲ ውስጥ ደግሞ ለሕጻናት የሚሆነውን “ያው ነው” ብለው ሊሰጡኝ ነበር። ያው አይደለም። ጊዜው ማለፍ አለማለፉንም ቆርቆሮውን ገልብጣችሁ እዩ።

ከዱቄቱ ይልቅ የወደድኩት ቤት ያለውን ምግብ ማበልጸጉን ነው። የአጃው አጥሚት በውሃ መሆኑ ቀርቶ በወተት ሆነ፤ ላዩ ላይ የዱቄት ወተት ማንኪያ ተጨመረ። ቅንጬው ቅቤ አገኘ። እንጀራው በሽሮ ፍትፍት ሆነ፣ ለጥርሷ እንዲለሰልስ። ሥጋው ተፈጭቶ ተሠራ። አይብ በየሰሃኑ ጥግ ላይ ገባ። የሰሃኑ መጠን አልጨመረም፤ ውስጡ ያለው ነው የጨመረው። ቶሎ ለሚጠግብ ሰው ትልቅ ሰሃን ማቅረብ ገና ሲያየው ያስጠላዋል። ብቻዋን በትሪ ክፍሏ ድረስ መውሰዳችንንም አስቀረችን። እማዬ መሶብ ላይ ተመለሰች። ከሰው ጋር የሚበላ አረጋዊ የተሻለ እንደሚበላ መመሪያውም ይጠቅሳል። የልጅ ልጆቿ ሲያጎርሷት እምቢ ማለት አትችልም።

ጾሙን ሳላነሳ ባልፍ ይህ ግምገማ ከንቱ ነው። ዱቄቱ የወተት ፕሮቲን አለው፤ ስለዚህ ፍስክ ነው። ይህን የሚነግራችሁ ሻጭ የለም። ዐቢይ ጾም ሲገባ እማዬ ሽታውን እንኳ አታስጠጉብኝ አለች። እሷ በሕይወቷ ሁዳዴ ገድፋ አታውቅም። ባለሙያዋ አልተከራከረቻትም፣ አላስፈራራቻትምም። “የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ፣ የኔን ወረቀትም ያሳዩአቸው” አለቻት። አባ ቤት ድረስ መጡ። ለታመመ ሰው ጾም እንደማይጸና ነገሯት፤ ሲሻላት ትቀጥላለች አሏት። እማዬ ግማሹን ተቀበለች። ሰዓት መቆየቱን ተወች፤ ጠዋት ትበላለች። ፍስኩን ግን እምቢ አለች። ይህ የእሷ መብት ነው፤ ቤተሰቡም ባለሙያዋም አከበርንላት።

እዚህ ላይ ነው ባለሙያዋ ገንዘቧ የሚገባት። ከመሳቢያዋ ውስጥ ሁለተኛ ዝርዝር አወጣች፤ “የጾም” የሚል ርእስ አለው። ወፍራም ሽሮ በዘይት። ምስር በየቀኑ። የሱፍ ፍትፍት። ስልጆ። ተልባ። የለውዝ ቅቤ በለስላሳ ዳቦ። የአኩሪ አተር ወተት በአጥሚቱ ውስጥ። በሶ በማር። ግቡን ሙሉ በሙሉ አይመታም፤ ግን ከሻይ በዳቦ ጋር አይወዳደርም። ቢ12ቱ በመርፌ ስለሚሰጣት እሱ አላሳሰበንም። ውጭ አገር የተጻፈ የምግብ ሠንጠረዥ ገልብጣ ብትሰጠን ኖሮ እማዬ በሁለተኛው ቀን ትጥለው ነበር።

እንቅስቃሴም አዝዛለች። ፕሮቲኑ ብቻውን ጡንቻ አይሆንም። እማዬ በቀን ሁለት ጊዜ ከወንበር ክንዷን ሳትደገፍ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች። መጀመሪያ አንዴም አልቻለችም።

ቅሬታዎቼን ልጻፍ። ክፍሉ ያለው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በሄድንበት ቀን ሊፍቱ አይሠራም ነበር። ደክሟት የመጣችን ሴት በደረጃ ማስወጣት ምን ይባላል? ዘበኛው ወንበር ባያመጣልን መሀል ላይ ተመልሰን ነበር። የተሰጠን ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው። ባለሙያዋ በአማርኛ አጥርታ አስረዳችን፤ ቤት ስንደርስ ግን ምግብ የምትሠራልን ልጅ ማንበብ አልቻለችም። እኔ ቁጭ ብዬ በአማርኛ ጽፌ ኩሽና ውስጥ ለጠፍኩላት። አገልግሎቱ የሚሰጠው በሳምንት ጥቂት ቀን ነው። በስልክ መጠየቅ አይቻልም፤ ለአንድ ጥያቄ እንደገና መከፈል አለበት። ኢንሹራንሳችንም አልሸፈነልንም። ለዚህ ነው ለአገልግሎቱ ከአምስት አራት የምሰጠው። ለዱቄቱ ሦስት። ሦስቱም የተሰጠው ምግብ ፈጽሞ በማይገባበት ሰሞን ቀዳዳ ስለሚደፍን ነው።

ውጤቱስ? የእማዬ ኪሎ ወደ 49 ተጠግቷል። ባቷ 29 ሆኗል። 52 አልደረሰችም፤ ባለሙያዋም አትቸኩሉ ብላናለች። ግን ከወንበር ተነስታ እስከ ግቢው በር ትሄዳለች፣ እሁድ ቅዳሴ ቆማ ባትጨርስም ትሄዳለች። ቀለበቷ ላይ የነበረው ክር ገና አለ።

ዱቄቱን ገዝታችሁ በራሳችሁ እንዳትጀምሩ የምለምናችሁ ሰዎች አሉ። ኩላሊት ያለበት ሰው ፕሮቲኑም ማዕድኑም ሊጎዳው ይችላል። ስኳር ያለበት ሰው ለብቻው የተዘጋጀ ዓይነት አለው፤ የመድኃኒት መጠኑም መታየት አለበት። ስትሮክ የመታው ወይም ሲጠጣ የሚያስለው ሰው ቀጭን መጠጥ ወደ ሳንባው ሊገባበት ስለሚችል አስቀድሞ አዋዋጡ ይመርመር። ለብዙ ቀናት ምንም ያልበላ ሰውን ደግሞ በአንድ ጊዜ አታጥግቡ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከእስር የወጡ የተራቡ ምርኮኞች ድንገት ሲበሉ አንዳንዶቹ እንደሞቱ ሐኪሞች መዝግበዋል፤ በደም ውስጥ ያለው ፎስፌትና ፖታሲየም በአንዴ ያሽቆለቁላል። እንዲህ ላለው ሰው ቦታው ሆስፒታል ነው።

ለመሄድ ካሰባችሁ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ያዙ፤ ኪሎ የተጻፈበት አሮጌ ካርድ ካለ እሱንም። ከመሄዳችሁ በፊት ለሦስት ቀን የበሉትንና የጠጡትን በደብተር ጻፉ፣ የተረፈውንም ጭምር። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላቸው ይዘው ይሂዱ። ሊፍቱ ይሠራ እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁ። ጠዋት ድረሱ፤ ከሰዓት በኋላ ባለሙያዋ የተኙትን ሕሙማን ለማየት ስለምትወጣ ወረፋው ይረዝማል።